ቤት መምታት

ዶሃ፣ ሐምሌ። ውጭ አስፋልቱ የጫማ ሶል ይይዛል፤
እዚህ፣ ከገበያ ማዕከሉ ሥር፣ ጓንት አጥልቄያለሁ።
ኮርኒሹ ዳር፣ ንጋት ልምምድ ላይ፣
መኪናው ከኋላ ካገኘኝ ሦስት ዓመት ከአራት ወር።
ያኔ አሥር ሺህ ሜትር ሃያ አምስት ዙር ነበር፤
አሁን አርባ ሜትር በረዶ፣
እሱንም የሚሄደው ድንጋዩ ነው።

ራፊቅ ከኋላዬ ወንበሬን ጨብጧል፣ እንዳልንሸራተት።
ከሦስተኛ ፎቅ ነው የወደቀው፤
በሕንፃው ስናልፍ ዛሬም «የኔ» ይለዋል።
ብርዛፍ ማለት ከብዶት «ብር» ይለኛል፣
ሳያውቅ፣ የሜዳሊያዬን ቀለም።

ድንጋዩ ሃያ ኪሎ፣ ዘንጉ ቀላል።
በእግረኞቹ ጨዋታ ፊት ፊቱን የሚጠርግለት አለ፤
በእኛ ማንም።
ከአፍ የወጣ አፋፍ።

የመጀመሪያው መንገድ ላይ ቀረ። ሁለተኛው ግድግዳውን ሳመ።
ሐኪሙ «ትለምጃለሽ» ብሎኝ ነበር።
አልለመድኩም፤ ሌሊት ሌሊት
የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል እነቃለሁ፣
እግሬ ግን አይነቃም።

እዚያ ማዶ ያለውን ቀይና ሰማያዊ ክብ
«ቤት» ይሉታል አሉኝ። ሳቄ መጣ።

ሦስተኛው ተጣሞ፣ ዘገየ፣ አመነታ፤
እኔ እንደተቀመጥሁ ድንጋዬ ቤት መታ።