ገጽ ሰማንያ ሦስት

በፔድራ ሙዳ ወደብ፣ ሰርዲን የጫነ ጀልባ
ፋብሪካው እያፏጨለት በውድቅት ሌሊት ሲገባ፣
እናቴ ትሮጥ ነበር፣ ሽርጧን ደርባ እንደ ካባ።
ራስ መቁረጥ፣ ጅራት መቁረጥ፣ ወገቡን በቆርቆሮ መደርደር፤
ወገቡ የሩቅ ሰው ነው፣ በዘይት ዋኝቶ የሚሻገር፤
ራስና ጅራት ለማዳበሪያ፣ በበርሜል ግቢው ውስጥ የሚያድር።

ደመወዝ ጸሐፊዋ ኤርሜሊንዳ፣ ከመስኮት ሥር ተቀምጣ፣
ቅጣት ትመዘግብ ነበር፦ ማን አረፈደ፣ ማን ቀድሞ ወጣ።
በመዝገቡ ጀርባ ግን ልቦለድ ጻፈች፣ የኩባንያውን ቀለም አሟጣ።
«ራስና ጅራት» አለችው። በጸደይ፣ ታትሞ ከሊዝበን መጣ።

ባለ ፋብሪካው አላነበበም፤ ያነበቡትን ግን ሰማ።
ቄሱ ከመስበኪያው ገሠጹ፦ «ለነውር የሚሻለው ጨለማ።»
ጋዜጣው፦ «አገራችን ውስጥ ራብ የለም፤ ያለው ስንፍና ነው» አለ፣
ዳቦ ያን ሰሞን ባይገኝም ከጫፍ እስከ ጫፍ በከተማ።

ይኸ የታወቀ ነው፤ የላይ ሰው ቁጣ መቼ አዲስ ነገር ይሆናል፤
ያልታሰበው ከታች መጣ፣ ከራሱ ከዓሣው በርሜል።
ገጽ ሰማንያ ሦስት ላይ አንዲት ሴት አለች፣ እጇ ግማቱን ሲያማስል፣
ሦስት የዓሣ ራስ ጡቷ መሐል ወሽቃ፣
ለዘበኛው እየሣቀች «ደኅና እደር» ስትል።
ስሟ ተቀይሯል። ቅንድቧን የሰነጠቀው ጠባሳ ግን ያው ነው፤
መንደሩ አይቶ እንዴት ይስታል?

እሑድ፣ ከሽንኩርት ሻጮች ፊት፣
እናቴ ኤርሜሊንዳን በጥፊ አጮለቻት፦
«ራቤን ብትጽፊው ግድ የለኝም፤ እሱን አገር አይቶት፤
ሣቄን ግን ለምን ሰረቅሽኝ፣ ልጆቼ እንኳ የማያውቁት?»

ማታ ከጨው መጋዘኑ ኋላ አርባ ሁለት ቅጂ ነደደ።
ሴቶቹ ወረቀት አቀበሉ፤ ማንም አላለቀሰ፣ ማንም አልፈረደ።
በያጁ ባዚልዩ ግን አንዱን ከክምሩ ስቦ ወሰደ፣
በትልቅ ቆርቆሮ ከተተው፣ ክዳኑን በእርሳስ በየደ።
ያ ዓሣ ብቻ ከነራሱ፣ ከነጅራቱ ታሽጎ ሄደ።

ኤርሜሊንዳ ሥራዋን አጣች። ወደ ሰሜን ሄዳ አዝራር ትሸጥ ነበር ይባላል፤
ሁለተኛ አልጻፈችም ይባላል። ይባላል እንጂ ማን ያውቃል።

መንግሥት ወደቀ። ፋብሪካው ተዘጋ። ሽመላ ጭስ ማውጫው ላይ ጎጆ ሠራ።
ቆርቆሮው በመክፈቻ ተከፈተ፤ ወረቀቱ ዘይት ዘይት ይሸታል፣
ቃሉ እንደ ነበረ፣ የጠራ።
ታተመ፣ ደግሞ ታተመ፤ የባለ ፋብሪካው የልጅ ልጅ
በስሟ ሽልማት አቁሞ ኮራ።
የዓሣ ራስ የታተመበትን ቦርሳ ቱሪስት ይገዛል፣
ዋጋው የእናቴ የሁለት ወር ሥራ።
አደባባዩን ስሟ ያዘው፤ እናቴ ግን እስከ ዛሬ
«የሽንኩርት ገበያ» ብላ ነው የምትጠራ።

እኔ እዚያው መምህርት ነኝ። በየሰኔው ፈተና አርማለሁ፦
«ገጽ ሰማንያ ሦስት ላይ ያለችው ሴት የምን ምሳሌ ናት?» ብዬ ጠይቄአለሁ።
«የጽናት» ይላል አንዱ። «የመደብ ትግል» የሚለው ከጎረቤቱ ሲቀዳ አይቻለሁ።
አንዲት ልጅ ብቻ «ርቧት ነው» ብላ ጻፈች፤
ሙሉ ማርክ ሰጥቻለሁ።

ባለፈው ክረምት እናቴ፣ በዘጠና ዓመቷ፣ ዓይኗ ደክሞ፣
«ያን ገጽ እስቲ አንብቢልኝ» አለች።
አነበብሁላት፤ ሰማችኝ፣ ጣቷ ጠባሳዋ ላይ ቆሞ።

«ሦስት አይደለም» አለች፣ «አምስት ነበር። ቁጥር ሥራዋ ነው፤ ታውቃለች።
ሁለቱን በመስኮቷ ያቀበልሁት ለሷ ነው፤ እሷም ጦሟን ነው የዋለች።
የሰው ሁሉ ራስ ጽፋ፣ የራሷን ሸሸገች።»

ከዚያ ዝምታ። ከዚያ ክንዴን ነካ አደረገችው፣ እንደ መቆጣት ይላታል፦
«ግለጪዋ! ምን ትጠብቂያለሽ?
ሰማንያ አራት ምን ይላል?»