አሽትቺልኝ

ከአዋሽ መልካሳ እንቁላል ጭኜ፣
በወንድሜ ዲኤክስ፣ እኔው ሾፌር ሆኜ፣
አዳማ እገባለሁ ንፋስ ሳይነሳ፣
ለቅርፊቱ ሁሉ ስሳሳ ስሳሳ።
ግን ቁልፍ ስጠመዝዝ፣ ሞተሪኖው ሲያጓራ፣
ቤንዚን ይቀድመኛል፣ ከመንገዱ በፊት ከእኔ ጋር ሊያወራ።

ሞቅ ሲል ይጠፋል።
ፍራንኮ ስደርስ፣ እንኳን ሽታው፣ ስሙም የለ፤
ነገ ጠዋት ደግሞ፣ ቁልፉን ጠብቆ፣ እዚያው አለ።

ጠቢባ የምትባል፣ ኬክ ቤት ያላት ደንበኛ፣
አንዱን ሰብራ አሸተተች፤ አየችኝ እንደ ቀማኛ።
«ዶሮሽ የምታድረው ማደያ ነው?» አለችኝ፤
ሁለት ትሪ፣ ከነሳቋ፣ ቆጥራ መለሰችልኝ።

ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ።
አንዱ «ክዳኑ ነው» አለ፤ ክዳን ቀየርኩ፣ አልተወም።
አንዱ «ካንዴላ» አለ፤ አራቱንም ገዛሁ፣ ሽታው ግን አልጎደለም።
የማደያው ልጅ ደግሞ፦ «እህቴ፣ አዳማ አይደለም?
ንፋሱ ነው የሰው ሽታ የሚለጥፍብሽ፤
መኪናሽማ ምንም አልሆነም።»
የጥድ ቅርጽ ያለው ሽቶ ገዝቼ ከመስታወቱ ሰቀልኩ፤
ቤንዚን የጠጣ ጥድ ሆነ፤ እኔም በጥዱ ታፈንኩ።

መጨረሻ ላይ ደምበላ፣ ከብየዳ ቤቱ ጀርባ፣
ጋሽ ድሪብሳ ጋራዥ ገባሁ፤
ጋራዥ ከተባለ ያ ቆርቆሮ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያስገባ።

ኮፈኑን ከፈተ። ምንም አልነካም። ጠየቀ፦
«ስትነሳ ብቻ ነው? ሽቅብ ስትወጪስ? ሲሞቅ ይለቃል?
ሌሊት ቆማ ስታድር፣ ከሥሯ ይንጠባጠባል?»
ሲጋራ ይዞ የቀረበውን ልጅ በዓይኑ ብቻ አባረረ፤
እጁን በጨርቅ ጠራርጎ፣ ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

«አሽትቺልኝ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።
«ምን?»
«እኔ አይሸተኝም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ቤንዚን ሲልጠው ኖሮ፣
አፍንጫዬ ለጌጥ ነው፣ እንደዚህ እንደቆመ ቆርቆሮ።
አምና ምስር ወጥ አሮ፣ ጎረቤት አጥር ዘሎ መጣ፤
እኔ ከምድጃው አጠገብ፣ ሳነብ ነበር ጋዜጣ።
ልጆቹ ይህን አያውቁም» ሲል፣ ሙዘይን የሚባለው ረዳት
ባዶ ጣሳ ይዞ ዞር አለ፤
ያውቃል መሰለኝ፤ ሊያድነው ነው ከእፍረት።

ጎነበስኩ።
ክዳኑ ጋ፣ የለም።
ከሥር፣ ሰልባትዮው ጋ፣ ደረቅ አቧራ ብቻ።
ፖምፓው ጋ፣ ያለ መሰለኝ፤ እንደ ሩቅ ሐሜት።
ካርቡራተሩ ጋ ግን መታኝ፤ ዓይኔ አነባ።
«እዚህ!»

ጣቱን ሰደደ፣ ዓይን ከማያይበት፣ ከጎማዋ ቱቦ ሥር፤
እርጥብ ጣት አወጣ። ስንጥቅ! የፀጉር ያህል መስመር።
«የአዳማ ቀትር ነው፤ ጎማ አይምርም።
ስትነሳ ፖምፓው ይገፋል፣ ቱቦዋን ያልባታል፤
ሲሞቅ ትደርቃለች፣ ምስክሯም አብሮ ይተናል።
ለዚህ ነው ማንም ያላያት።
አንድ ክብሪት ብቻ ነበር የቀራት።»

የባትሪውን ገመድ ፈታ። አሮጌዋን ቱቦ ገነጠለ፤
በሁለት ፋሼታ አዲሷን ሲያስር፣ ከካቻቢቴው ጋር ታገለ።
ገመዱን መለሰ። «አስነሺ።»
ሞተሪኖው አጓራ። ዝም አልን ሦስታችንም።
«አለ?»
«የለም።»
«በደንብ ሳቢ። አለ?»
«የለም፣ ጋሼ። የለም።»

«ታዲያ ምን ይሸታል?»
ያልጠበቅኩት ጥያቄ ነው። እንደገና ሳብኩ።
«የብየዳ ጭስ። የጋለ ቆርቆሮ። ማዶ የሚላጥ ብርቱካን።»
«ብርቱካን» አለ።
ደገመው፤ እንደ ሰው ስም።

ጠቢባ ግን እስከ ዛሬ «ይሸታል» ትላለች፤
ቱቦ ይቀየራል፣
ወሬ ፋሼታ የለውም።
እኔ ቁልፉን ከመጠምዘዜ በፊት፣
መስኮቴን ዝቅ አድርጌ፣ ንፋስ ሳይነሳ፣
አንዴ ለራሴ እስባለሁ፣
አንዴ ለጋሽ ድሪብሳ።