የልክ ደብተር

የዚህ ደብተር ፊቱ የደንበኛ ልክ ነው፤
ወገብ፣ ትከሻ፣ ደረት፣ ቀብድ የከፈለው ማነው፤
ጀርባው ግን የወፍ ነው።
ልብስ ሰፊ ነኝና ሌላ ደብተር የለኝ፤
ቅዳሜ ሲመጡ «ጻፊ» ነው የሚሉኝ።

ነጂብ ባጃጁን አቁሞ፣ ጎማውን በድንጋይ ደግፎ፣
ደርበው ከአዘዞ በእግሩ፣ ጭቃውን ደጃፌ አራግፎ፣
ሲስተር የሺመቤት ደግሞ፣ ከሌሊት ተራ ወጥታ ሳታርፍ፣
«ማን አየ? በስንት ሰዓት?» ሳትል አንድ ወፍ የማታሳልፍ፤
ጋሽ ውባንተ መጨረሻ፣ በዘንጉ ደረጃውን እየቆጠረ፤
ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ሦስተኛ ክረምቱ ነበረ።

ሕጋችን አንዲት ናት፤ ያላየኸው አይጻፍም።
የሰማኸው ይጻፋል። የጠረጠርከው ግን፣ የለም።

«ቀሃ፣ ድልድዩ ሥር፣ ዓሣ አጥማጅ አንድ፤
ሰማያዊ፣ ገመድ ላይ፣ ከታጠበ ልብስ ጋር።»
«ፋሲል መዋኛ፣ ዋርካው ላይ፣ ጆፌ አሞራ ዘጠኝ።»
«አንገረብ ግድቡ ላይ፣ ይብራ አርባ አንድ» አለ ነጂብ፤
«ተሳፋሪዋም አብራኝ ቆጥራለች።
ሂሳብ ሳትከፍል ወረደች፤
እኔም አልጠየቅኳት፣ ቁጥሩ እንዳይጠፋኝ።»

በጥር አንድ ሌሊት ወረድን፣ ወደ ደምቢያ ሜዳ፤
መገጭ ጭጋጉን ለብሶ፣ ሽምብራው ጤዛ ሲቀዳ።
ሽመላው በአንድ እግር ቆሞ፣ ሳቢሳው ከላም ጀርባ፣
የውሃ ዶሮ በእንቦጩ ላይ፣ ምንጣፍ ረግጣ ስትገባ።
ሐይቁን ያነቀው አረም ለእሷ ጎዳና ሆነላት፤
ይህንን በምን ዓምድ ልጻፍ፣ ከጥፋት ወይስ ከልማት?

ወንጭፉን አንገቱ ላይ ጥሎ አንድ ገበሬ መጣ፤
«ምን ጠፋችሁ?» አለን፤ «ከብት ነው? ሰው ነው የወጣ?»
«ወፍ እንቆጥራለን» አልነው። ባለ ዘውዶቹን አየ፤
ማሳው ጫፍ ላይ አሥራ አራት። ዝም ብሎ ቆየ፣ ቆየ።
«እናንተ ትቆጥራላችሁ፣
እኔ እቀልባለሁ» አለ። «ሂሳቡን ማን ይከፍልላችሁ?»
ወንጭፉን ግን አላነሳም። «ደግሞ አሥራ አምስት ናቸው፤
አንዷን ቦዩ ደብቋት ነው።»
ደርበው መነጽሩን አዞረ።
እውነቱን ነው።

ጋሽ ውባንተ አልሄደም። ስንነግረው ሰማና፣
«እኔም አለኝ» አለ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ እንደገና፤
«ጠዋት ጠዋት የሆነ ነገር መስኮቴን ያንኳኳል፤
"ማነው?" ስል ዝም ይላል፣ ስከፍት ይጠፋል፣
ስዘጋ ይመለሳል።
ወፍ እንዳልለው ይበረታል፤ ሰው እንዳልለው ይቸኩላል።»

እሑድ ሄድኩ፤ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ተኩል።
ጓሮው ውስጥ ዘይቱኑ አፍርቷል።
ልጆቹ ያስገቡለት መስታወት፣
ተለጣፊው እንኳ ገና ያልተላጠለት፣
ዛፉን ከነፍሬው፣ ሰማዩን ከነደመናው ይዟል።
አንድ ቢጫ ድንቢጥ፣ እፍኝ የማይሞላ፣
መስታወቱ ውስጥ ባላንጣውን ይወጋል፤
ይሸሻል፣ ይመጣል ደግሞ በሌላ።

ሽማግሌው ከውስጥ ወንበሩን አስጠግቶ፣
እኔ የሰፋሁለትን ሸሚዝ እስከ አንገቱ ቆልፎ፣
እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀምጧል።
አንገትጌው ሰፍቶታል።

«ጋሼ፣ ወፍ ነው። የራሱን መልክ እየተጣላ ነው።»
ዝም አለ።
«ታዲያ ስንት ብለሽ ልትጽፊ ነው?»

ቅዳሜ ሲስተር «አንድ» አለች።
ነጂብ «ሁለት» አለ፤ «አንድ ከሆነ የተጣላው ከማን ነው?»
ደርበው ሳቀ፣ ከዚያ መሳቁን ተወ።
ጋሽ ውባንተ ዘንጉን መሬት ላይ መታ መታ አደረገ፤
«ሕግ ሕግ ነው፤ እኔ አላየሁም።
የሰማሁትን ጻፊልኝ። ሰው መጣ በይ።»

ሲወጡ ደብተሩን ከፊት ገለጥኩ፤ ከስሙ ሥር፣
«አንገት፦ ሠላሳ ስምንት» የሚለውን ሰረዝኩ።
ሠላሳ ስድስት።
ከዚያ ከጀርባ፦
«የውባንተ መስኮት። ቢጫ። ያንኳኳል።»
ቁጥሩን ገና አልጻፍኩትም።