ለመልበስ አርባ ደቂቃ

ሶልኖክ፣ ቲሳ ወንዝ ዳር፣ ካለው መዋኛ ቤት፣
ፎጣ አዳይ ነበርኩ፣ ቁልፍ ያዥ ለዓመታት።
በዚያ ጸደይ ግና ሥራዬን ለወጡት፣
ሰውን በጎማ ውስጥ ማሸግ አደረጉት።
ጓንት አጠልቃለሁ፣ ጥፍር እንዳይበሳው፣
ዋጋው የእናቴን ቤት ጣራ ያለብሰው።
ተረከዝ፣ ከዚያ ባት፣ ከዚያ ጉልበት፣ ዳሌ፣
ስንዝር በስንዝር ስስብ፣ ላብ ሲወርድ ከአካሌ፣
«ትንፋሽሽን ዋጪ!» ብዬ ዚፑን ስስብ፣
ትከሻዋ መሀል ቆዳ ሲሰበሰብ፣
ለመልበስ አርባ ደቂቃ፤
ለመዋኘት አንዷ፣ በቃ።

ልብሱ አንድ ነበር፤ ልጆቹ ሁለት፤
ቦግላርካ በጠዋት፣ ሬካ ከሰዓት።
ኬክ ሸጠን፣ ዕጣ ቆርጠን፣ ከንቲባው ደጅ ጠንተን፣
አንድ ብቻ አመጣን፣ በኪሳችን ለክተን።

ቡፌው ውስጥ ክርክር፣ ሾርባው እስኪበርድ፤
«ልብስ አይዋኝም! እግር ነው እሚሄድ!»
አሰልጣኙ ዬኖ፣ ጠረጴዛ ሲመታ፣
ሰዓት ያዡ ኦዶን፣ ዝም ብሎ ለአፍታ፣
«ልብስ ካልዋኘማ ለምን ገዛህ ታዲያ?
ጀልባ ነው ያለበስካት፣ ያውም ያለ መቅዘፊያ።»
«ባዶ እግር ሩጡ በላ እንግዲህ ለሯጮች!»
«ጫማ አይንሳፈፍም፤ ጠይቅ ዋናተኞች።»
አንዱ «ዋናው ዋና»፣ ሌላው «ዋናው ወርቁ»፣
እኔ ሾርባ እጠጣለሁ፣ እነሱ ሲራቀቁ።

አንድ ነገር ነበረ፣ ከሆዴ ያልወጣ።
ግድግዳው ላይ ያለው፣ በነጭ የተጻፈው፣
የሴቶች መቶ ሜትር፣ የኔ የልጅነት ስም ነው።
ሃያ ስድስት ዓመት ማንም ሳይነካው፣
በናይለን የዋኘሁት፣ ጀርባዬን ውሃ እየነፋው።
ልጆቹ ሲያነቡት የሙት ስም መስሏቸው፤
እኔም አልነገርኳቸው።

ጠዋት ቦግላርካን አሸግኳት። ሄደች።
አልዋኘችም እንኳ፤ ተንሸራተተች፣
ከእርጥብ ጣት መሀል ሳሙና እንደሚያመልጥ።
ኦዶን ሰዓቱን አየ፤ ደግሞ አየ፤ ነቀነቀ፤
ሃያ ስድስት ዓመቴ በሁለት ሰከንድ አለቀ።
አጨበጨብኩ። እጄ ጓንት ውስጥ ነበረ፤
ድምፁ ታፍኖ ቀረ።

አንጥረኛ ሰሙን አቅልጦ ነው ወርቁን የሚያወጣ፤
እኛ ግን ሰሙን ላክነው፤ ወርቅ ይዞ መጣ።

ከሰዓት ልብሱን ላጥኩት፣ እርጥቡን፣ ከአንዷ ገላ፣
ለሬካ ላለብሳት፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ ዳሌዋም የሞላ።
ጥሪው ተሰማ። ትጣደፋለች። እስባለሁ።
አውራ ጣቴ ምን እንደነካ፣ ዛሬም እጠይቃለሁ።
ትርርር፣
እንደ ሽንኩርት ልጣጭ፣ ከወገብ እስከ ጭን።
ጓንቴን አውልቄ ነበር። ለምን?

አላለቀሰችም። አሮጌዋን ለብሳ፣ ቀለሟ የለቀቀ፣
ውሃው እየጎተታት፣ ክንዷ እየደቀቀ፣
አራተኛ ወጣች።
ከድሮው ሰዓቴ ሦስት መቶኛ ሰከንድ ብቻ ዘገየች።

በአዲሱ ዓመት ደብዳቤ መጣ፦ ጎማው ተከልክሏል፤
ከእንግዲህ ጨርቅ ብቻ፤ የተመዘገበው ግን እንዳለ ይቆያል።
ዬኖ ደብዳቤውን አጥፎ አጥፎ ጀልባ ሠራበት፤
ኦዶን እንኳ አልሳቀበት።

አንድ ማታ፣ መብራት ሳጠፋ፣ ልብሱን ከመጋዘን አወጣሁት፤
ቅዳጁን እንደ ቁስል ሰፍቼ፣ ጥልቁ ላይ ጣልኩት።
እጅ የለው፣ እግር የለው፣ አየር ብቻ በሆዱ፤ አልሰጠመም፤
ግን ደግሞ የትም አልሄደም።
በመጥረጊያ እንጨት ስስበው እንደ ሰው ከበደኝ።
ሬካ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ምንም አልጠየቀችኝ።

አሁን ግድግዳው ላይ ቦግላርካ ተጽፏል፣ በሰማያዊ።
ቀለሙ ስስ ነው። እንፋሎት ሲበዛ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣
ነጩ ስሜ ከሥር ብቅ ይላል፣ እንደ ቆየ ሕመሜ።
አንድ ቀን ፎጣ ይዤ ላብሰው ሄድኩና፣
ተውኩት፤ እርጥብ ነበር ገና።