የቀዝቃዛው ክፍል ሒሳብ

ፍራንሲስታውን፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣
የጋኦላቴ ሥጋ ቤት፣ በሩ ተቆልፎ፣ መስኮቱ በጣውላ ተጋርዶ።
ከኋላው ቀዝቃዛ ክፍል አለ፤ ሞተሩ ድሮ ተሽጧል፤
ግድግዳው የአንድ ክንድ ውፍረት፣ ሆዱ ቡሽ ጠግቧል፤
የጣሪያውን ቡሽ ግን አይጥ ጨርሶታል።
ኬሴጎፌትሴ መሃል ቆማ አጨበጨበች፣ አንዴ፤
ድምፁ ወጥቶ ቀረ፣ ገንዘብ እንደ ተበደረኝ ዘመዴ።
"ይኼ ነው" አለች።

እኔ ጊታር አልነካም። ደብተር ያዥ ነኝ፤
ከቆዳ ለባሾቹ መሃል ባለ ሹራቧ እኔ ነኝ።
የገንዘባችን ስም ፑላ፤ ፑላ ማለት ዝናብ፤
አሥራ አንድ ሺህ ዝናብ አለን በብስኩት ቆርቆሮ፣
እሱው ነው የሚዳረሰው ለሽቦ፣ ለመብራት፣ ለከበሮ።

ሶፋ? ይሰረዝ። የግድግዳ ቀለም?
በሁለቱ ክፍል መሃል የመስታወት መስኮት? የለም።
"ታዲያ በምን እንተያያለን?" አለ ቦይትሼፖ፣ ቤዝ መቺው።
"ስትጨርሱ በሩን ምቱት። ብረት ነው፣ ይሰማል።"
"እሱ ከተሰማማ ከበሮውም ያመልጣል።"
ጻፍሁ፦ ያገለገለ ብርድ ልብስ፣ ስድስት፣ ከሆስፒታል ጨረታ።
ማይክሮፎን፣ አራት።
ለከበሮ ብቻ ስምንት ያስፈልጋል ይላሉ የሚያውቁ፤
እኛ የምናውቀው አራት ነው።
ድርብ ጣሪያ፣ ሦስት ሺህ አራት መቶ።
እሱን ሁለቴ ሰረዝሁት፣ እንዳያጓጓን።

የሥጋው ሜንጦ አልተነቀለም፤ ኬብሉን ሰቀልንበት፤
ኦአራቢሌም የከበሮ ዱላዎቹን በከረጢት።
ሌላው ስቱዲዮ ዘፈኑን ብልት በብልት ያወጣዋል፣
ዛሬ ቤዙን፣ ነገ ድምፁን፣ ለየብቻ ይመዝነዋል፤
እኛ ሙሉ በሬ ነው የምንሰቅል።

ሽማግሌው ጋኦላቴ ኪራይ ሊቀበሉ መጡ፤
ግድግዳውን ተጠግተው አሸተቱ።
"ሞራው አለቀቀም" አሉ፣ ደስ ብሏቸው።
ከዚያ አምፕሊፋየሩን አዩት፣ ዞሩት፣ በእግራቸው ነካ አደረጉት፦
"እዚህ የገባ ነገር እስከ ዛሬ ጮሆ አያውቅም።"

ኅዳር፣ ቅዳሜ፣ የመጀመሪያው ሙከራ።
ሙቀቱ ሹራቤን አስወለቀኝ፤
ሰው ሁሉ በላብ ተነክሮ፣ ማንም ግን አላቆመ።
ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ቆርቆሮው ላይ አንድ ነገር ጠብ አለ፤
ሁለት፤
ከዚያ ሰማዩ ጠጠር የጫነ መኪና ሆኖ ተገለበጠ።
ቦይትሼፖ ቀና አለ፤ ኬሴጎፌትሴ በአይኗ መለሰችው፤
እጇን ከጊታሩ አላነሣችም።
በአራቱ ማይክሮፎን ዝናቡ ገባ፣
በዝናቡ ውስጥ የሰፈሩ ሴቶች ጩኸት፣
"ፑላ! ፑላ!" ከግቢ ግቢ፣
ከከበሮው ጋር ሳይስማማ፣ ሳይጣላም።

ማታ ደግመን ሰማነው።
ማንም "ይደገም" አላለም።
እርሳሴን ይዤ "ገቢ" ከሚለው ዓምድ ሥር ብዙ ቆየሁ፣
ስንት ተብሎ ይጻፋል?
ትቼው ወደ "ወጪ" ተሻገርሁ፦
ባልዲ፣ አንድ። አርባ አምስት።