ስንት ናችሁ?

ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ደላላው ከባጃጅ፣
«ቤቱ አለ» አለን፣ «አለ፤ ግን የለም ለልጅ።
አቶቴ ነው፣ ንጹሕ፣ ውሃ አለው በፈረቃ፤
ሴትየዋ ግን ልጅ… እንዲያው አይወዱም፣ በቃ።»

አምስተኛው ቤት ነው ይህ፣ በአንድ ሳምንት ብቻ።
ዳቶ፣ «አዲስ ቀለም ነው፤ አይሆንም ለልጅ መጫወቻ።»
ከታቦር ሥር ደግሞ፣ ጡረተኛው አባት፣
ውሻቸው ሲያላዝን ታስሮ በሰንሰለት፣
«ጩኸት አልወድም» አሉን፣ ጮክ ብለው፣ በቁጣ።
ውሻው ዝም አለና ምላሱን አወጣ።

እና ዋሸን።

«ስንት ናችሁ?» አሉን እትዬ ብርቄ።
ዳንጊሶ «ሁለት» አለ። እኔ ቆምሁኝ ስቄ፤
ከሥር ሹራቤን ወተት እያረጠበው፣
ነጠላ ደረብኩኝ ማንም እንዳያየው።

በሌሊት አስገባናቸው፣ እንደ ሌባ ዕቃ፤
ይስሐቅ በዘንቢል፣ ዴቦራ ጫማ አውልቃ።
«ጨዋታ ነው» አልናት፣ «ድምፅ ያሰማ ይበላል።»
አራት ዓመቷ ነው፤ ጨዋታ ይገባታል።

ተማረች።
ሳል ሲመጣባት ትራስ ትነክሳለች፣
ወድቃ ጉልበቷ ሲላጥ እኔን ታያለች፣
አፏን ከፍታ፣ ያለ ድምፅ፣ ታለቅሳለች።
ይስሐቅ ሲነጫነጭ ሬዲዮ እንከፍታለን፤
ኳሱንም ስብከቱንም ጮክ እናደርጋለን።
ገመድ ላይ አይሰጣም ጨርቁ፣ እንዳያሳብቅ፤
ከአልጋ ሥር ነው፣ እርጥብ፣ ሸትቶ የሚደርቅ።

አንድ ጠዋት ከደጃፍ ብስኩት አገኘሁኝ፣ ሁለት።
ማን አኖረው? አልጠየቅን። ሰጠናቸው፤ በሉት።
በወሩ፣ ኪራይ ስንከፍል፣ እትዬ ብርቄ ቆጥረው፣
«አንድ ሺህ ይጨመር» አሉ፣ «ውሃው ለአራት ሰው ነው።»

እሑድ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር አወጣናት።
አባ ኮዳው በዓሣ ሲሻማ፣ «ጩኺ» አልናት፣
«ጩኺ፣ እንደ ልብሽ፤ እዚህ አከራይ የለም።»
ውሃውን አየችው። አልጮኸችም፣ ምንም።

ያን ጊዜ ይስሐቅ ነቃ፤ ከጀርባዬ ላይ ሆኖ
የአምስት ወር ለቅሶውን ለቀቀው፣ ታፍኖ ታፍኖ።
ዓሣ የሚበሉት ሁሉ ዞረው አዩን።
ደስ አለኝ።

እሷ ግን ሮጣ መጣች፤ በጣቷ ጫፍ ቆመች፤
ተንጠራርታ በመዳፏ አፉን ከደነች፤
በሹክሹክታ፣
«ዝም በል» አለችው፣ «ትበላለህ።»