ከዶሮ ማነቂያ ሥር

የነሐሴ ዝናብ አልፎ ውሃው አላልፍ ብሎ፣
ታፍኗል ተባለ፣ አንድ ነገር አንቆት፣ ጉሮሮው ላይ ውሎ።
የብረት ክዳኑን በዲጂኖ ፈነቀልነው፣
ጋዙ እስኪወጣለት ሩብ ሰዓት ጠበቅነው።
ከዚያ ቦቲዬን አጥልቄ፣ ባትሪ ግንባሬ ላይ አስሬ፣
ወረድኩ፣ ሰላሳ አንድ የዛገ መወጣጫ ቆጥሬ።

ላይ ዶሮ ማነቂያ ነበር።
አሁን ሣር ነው፣ የተደረደረ መብራት፣ ያልተቀመጡበት ወንበር።
ታች ግን ያው ነው፦ ጥቁር ድንጋይ፣ ኖራ፣ ቅስቱም እንደ ሽማግሌ ጎብጦ፤
ውሃው ብቻ ቆሟል እስከ ጉልበቴ፣ አፍጥጦ።

ይህን መንገድ ያሳየኝ ጋሽ ላቀው ነበር፤
ቢሮው ካርታ አምጣ ሲለው ጆሮውን የሚያሳይ፣
አንገቱን ቀልሶ ወደ ጣሪያው የሚያይ።
“ስማ፣ ይሄ ዳቦ ቤቱ፣ የሊጥ ማሽኑ ሲያጉረመርም፤
ይሄ የትርንጎ ግሮሰሪ፣ ሳጥን ሲጎተት፣ ጠርሙስ ሲንኳኳ፤
ልብስ ሰፊው ሲንጀሩን ሲነዳ ከሰማህ
ወደ ግራ ታጠፍ፣ ዝቅ በል፣ ጭንቅላትህን እንዳትመታ።”

በሰው ኮቴ ነበር የምንታጠፈው።
ዛሬ ጆሮዬን ወደ ላይ ጣልኩ፤ ምንም።
ሣር ድምፅ የለውም።
ግራዬ ጠፋኝ፣ ቀኜ ጠፋኝ፣
ሃያ ዓመት የማውቀው ጨለማ አላውቅህም አለኝ።

ግድግዳውን እየዳበስኩ ስሄድ
ጣቴ ጭረት ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ፦
ዘጠኝ መስመር፣ በሚስማር የተጫረ፣
ከሥሩ ፲፱፻፸፣ ከጎኑ አንዲት ፊደል፦ ላ።

ዘጠኝ ሌሊት።
ማዳመጥ ከየት እንደተማረ አንዴ ብጠይቀው
ባርኔጣውን አስተካከለና
“ሰዉ ጉድጓድ እያለ ይፈራዋል” አለኝ፤
“ያኔ ግን፣ ልጄ፣ ጉዱም ጓዱም ላይ ነበር።”
ቀልድ መስሎኝ ስቄያለሁ።
አሁን ገባኝ፦ ዳቦ ጋጋሪውን ከወታደር ጫማ
በኮቴ የለየው እዚህ ነው፣ እርጥቡ ላይ ቁጢጥ ብሎ፤
ጫማው ሲያልፍ ትንፋሹን ይዞ፣
ጋጋሪው ሲገባ፣ ነጋ ብሎ።

ከመታጠፊያው ወዲያ ፍርስራሹ ተከምሯል፤
እንጨት፣ ፌስታል፣ የተጨማደደ ቆርቆሮ፣
ከሁሉ በታች፣ ወንፊቱ ላይ የተለጠፈ
ሰማያዊ የቤት ቁጥር፣ ሚስማሩ እንኳ አብሮ።
ስመነግለው ውሃው አንድ ጊዜ ተነፈሰ፣
ጉልበቴን ለቅቆ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ገሰገሰ።

“አገኘኸው?” አለኝ ግዛቸው፣ ከአፉ ላይ፣ ከብርሃን።
ቁጥሩን በእጅጌዬ ጠረግኩት፤ ግማሹ ተልጦ አይነበብም።
“አገኘሁት” አልኩት።
ቶሎ ግን አልወጣሁም።